አብሮ የመኖር ማስረጃ፤ ከጅማ እስከ ባሕር ማዶ

የማኅበራችን የዓመት መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ የታሪክ ጉዳይ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጅማ መንገዶችና ድልድዮች ነበር። ለመሐንዲስ እጅ የሚቀርበውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን አንድ የሙያ ባልደረባዬ ያቀረበልኝ ጥያቄ አሳቤን ከድልድይ አንሥቶ ወደ ሰው ኑሮ መራው። ባልደረባዬ የውኃ ሥራ መሐንዲስ ሲሆን ከጅማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮ ከተማ ይኖር ነበር። በሆላንድ አገር በሙያው ሥራ አግኝቶ ለጉዞ ሲዘጋጅ፣ ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር አብራው የኖረችውን፣ ነገር ግን በሕግ ያላገባትን የቤቱን እመቤት ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ያልተጋቡበትን ምክንያት አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። የእርሷ ወላጆች ሙስሊሞች፣ የእርሱ ወላጆች ደግሞ የተዋሕዶ ክርስቲያኖች ናቸው። ሁለቱም ወገን ልጁን ይወዳል፤ ሁለቱም ወገን ነገሩን እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ ሰርግ ይደገስ የተባለ ዕለት ግን እንዳላየ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ወላጅን ላለማስቀየም ቀኑን ሲያራዝሙት ስድስት ዓመት አለፈ።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ጥያቄውም አዲስ መስሎኝ ነበር። ሳገላብጠው ግን በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለስ የኖረ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ለሥራ ከአገር አገር የሚሄድ ሰው ሳያገባ አብሮት የሚኖረውን ሰው መንግሥት በምን ዓይን ያየዋል? መልሱ እንደየዘመኑ ተለዋውጧል። በተለይ ያስገረመኝ ግን መልሱ ቢለዋወጥም ዳኛውና ሹሙ የሚጠይቁት ማስረጃ አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየቱ ነው። ማን ከማን ጋር በአንድ ማዕድ ይቀርባል? የቤቱን ገንዘብ ማን ይይዛል? ጎረቤት ምን ብሎ ይጠራቸዋል? በዚህ ማስረጃ አንድ ጊዜ ሰው ወኅኒ ወርዶበታል፤ ሌላ ጊዜ መብት አግኝቶበታል፤ ዛሬ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ይለመንበታል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከሲራራ ንግድ ዘመን መጀመር ይገባል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር መናገሻ ጅሬን ስትሆን፣ ከግርጌዋ የሚገኘው የሂርማታ ገበያ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ የሚያሳዝን ቢሆንም ሰውም ጭምር የሚሸጥበትና የሚለወጥበት ታላቅ የንግድ መገናኛ ነበር። የዛሬዋ የጅማ ከተማ የበቀለችውም በዚሁ ገበያ ላይ ነው። ወደዚህ ገበያ የሚጎርፈው ነጋዴና የነጋዴ ተከታይ ወራት የሚፈጅ ጉዞ የሚያደርግ፣ ብዙውን ጊዜም ትዳሩን በአገሩ ትቶ የሚመጣ ሰው ነበር። የጅማ ሙስሊም ማኅበረሰብ ኒካህ የሚባለው የራሱ የታወቀ የጋብቻ ሥርዓት ስላለው ነገሩን በዚያ መልክ ይይዘው ነበር። ከሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሚመጣው ክርስቲያን ነጋዴ፣ በኋላም ወታደሩ፣ ሌላ ሥርዓት ያውቃል፤ እርሱም የደመወዝ ጋብቻ ይባላል።

የደመወዝ ጋብቻ እንደ ሰማንያ በእኩል ሀብት የሚመሠረት፣ ወይም እንደ ቁርባን እስከ ሞት የሚያስተሳስር አይደለም። ወንዱና ሴቲቱ በምስክር ፊት ይዋዋላሉ፤ ሴቲቱ በወር ወይም በዓመት የሚታሰብላት ክፍያ ይቆረጥላታል፤ ዘመቻው ወይም ንግዱ ሲያበቃ ውሉም ያበቃል። ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ክፍያ ነው። የዛሬ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ሊያዞር ይችላል፤ እኔም ሥርዓቱን ለማወደስ አልነሣም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሴቲቱ የምትጠይቀው መብት ነበራት፤ ደመወዟን ቢከለክላት ምስክሮቿን ጠርታ ትከሰዋለች። ሁለተኛ፣ ከዚህ ግንኙነት የሚወለደው ልጅ የአባቱ ልጅ ነበር። እንግዲህ የመንገድ ኑሮ የወለደው፣ ለመንገደኛ ሰው የተበጀ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል።

ኢጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛታቸው ሲያደርጉ ይህን ሥርዓት አገኙት፤ ለራሳቸውም በሚስማማ መንገድ ተረጎሙት። መኰንኑና ነጋዴው አንዲት የአገር ተወላጅ ሴት በቤቱ ያስቀምጣል፤ ሴቲቱም «ማዳማ» ትባላለች፤ ግንኙነቱ «ማዳማቶ» ተባለ። ሲጠየቁ «ይህ የአገሩ ሰው የሚያውቀው የደመወዝ ጋብቻ ነው» ይሉ ነበር። ሆኖም ከደመወዙ ጋብቻ የወሰዱት መብቱን እንጂ ግዴታውን አልነበረም። ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሴቲቱንም ልጁንም ትተው ሄዱ። በአገሬው ሕግ አባት ያለው ልጅ በእነርሱ ሕግ አባት የሌለው ሆነ።

ጅማ ይህን ታሪክ በቀጥታ የቀመሰችው በፋሺስት ወረራ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1936 የወራሪው መንግሥት ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን በየግዛቱ ሲሸነሽን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ከዚያ በኋላ ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ጸሐፊውና ወታደሩ ወደ ከተማይቱ ይጎርፍ ጀመር። ዛሬም በጅማ መሐል ከተማ ስንዘዋወር የምናያቸው የዚያን ዘመን ሕንፃዎች የእነዚህ ሰዎች የእጅ ሥራ ናቸው። ከመጡት መካከል የሚበዙት ሚስት ያላስከተሉ ወንዶች ነበሩ። ከዚህ የሚከተለውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የሮማ መንግሥትም ገምቶታል። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1937 የወጣው ቁጥር 880 የሆነው አዋጅ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ተገዢዎች ጋር «የባልና ሚስት ባሕርይ ያለው ግንኙነት» ያደረገ ኢጣሊያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። ተቀጪው ኢጣሊያዊው ነው። አዋጁ የወጣው ለኢትዮጵያዊቱ ታስቦ ግን አይደለም፤ የገዢው ዘር ክብር እንዳይቀንስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938፣ «አርያ» የተባለው ኢጣሊያዊ ከሌላ ዘር ሰው ጋር እንዳይጋባ የሚከለክለው ሕግ ተከተለ። እንግዲህ በጅማ ከተማ አንድ ኢጣሊያዊ ሜካኒክና አንዲት የሂርማታ ሴት ሳይጋቡ አብረው ቢኖሩ ወንጀል ነው፤ ወንጀሉን ለማስቀረት እንጋባ ቢሉም ክልክል ነው። ሁለቱም በር ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው ሕግ ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በሕግ እንዳይቀበል ከለከለው፤ ልጁ በእናቱ ወገን እንዲቆጠር ተደረገ።

የሕጉ ቃል ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ በሥራ ላይ ሲውል ግን ዳኞቹን አስቸገራቸው። ምክንያቱም የተከለከለው ከሴት ጋር መተኛት አልነበረም፤ ከዝሙት አዳሪ ጋር የሚደረግ ግንኙነት አያስቀጣም። የተከለከለው «የባልና ሚስት ባሕርይ» ነው። ታዲያ ይህ ባሕርይ በምን ይለካል? የቅኝ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች መለኪያ ሲፈልጉ የደረሱበት ነገር፣ ባለፈው የጠቀስኩት ማስረጃ ነው። በአንድ ማዕድ ይበላሉ ወይ? በአንድ አልጋ ዘወትር ያድራሉ ወይ? ገንዘቡን ታውቅበታለች ወይ? ስጦታ ሰጥቷታል ወይ? ከእርሷ ልጅ መውለድ ይፈልጋል ወይ? በአጭሩ፣ ይወዳታል ወይ? ሴቲቱን እንደ ዕቃ ይዟት ከሆነ ነፃ ይወጣል፤ እንደ ሚስት አክብሯት ከሆነ ይታሠራል። በሕግ ታሪክ ውስጥ ፍቅር እንደ ማክበጃ ምክንያት የተቆጠረበት ሌላ ጊዜ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢን ማስጠንቀቅ እወዳለሁ። ይህን ስጽፍ የጊዜውን ግንኙነት ሁሉ የፍቅር ታሪክ ለማስመሰል አይደለም። አገሩ ተወርሮ፣ ወንዱ ጠመንጃና ደመወዝ ይዞ፣ ሴቲቱ ባዶ እጇን ሆና የሚደረግ ስምምነት ምን ያህል ስምምነት ሊባል እንደሚችል የታወቀ ነው። ለማሳየት የፈለግሁት የሕጉን አሠራር ነው፤ አብሮ መኖርን የሚያረጋግጠው ነገር ምን እንደሆነ በዝርዝር የጻፉት የመጀመሪያዎቹ ዳኞች ለመቅጣት ብለው መጻፋቸውን ነው።

ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከወራሪው እጅ ነፃ ወጣች። ከወራሪው ጋር የመጣው ሰው ሁሉ ግን አልወጣም። በሙያቸው የተፈለጉ ኢጣሊያኖች በአገራችን ቀሩ፤ ከእነርሱ ቀደም ብለው ደግሞ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች በጅማ ቡና ንግድ ገብተው ነበር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአገሬው ሴቶች ጋር ቤት መሠረቱ። ጉዳዩ አሁን በእኛው ሕግ የሚታይ ሆነ፤ የእኛ ሕግ ደግሞ ያልተጠበቀ ውጤት ያለው ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። በዚህ ረገድ ለዘመኑ ቸር ሕግ ነው። ነገር ግን በዚያው ሕግ መሠረት ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው አግብታ የባልዋ አገር ሕግ ዜግነቱን የሚሰጣት ከሆነ ኢትዮጵያዊነቷን ታጣለች። በኋላም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ካልተፈቀደለት በስተቀር፣ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ሀብት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ደነገገ። ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ አድርጎ ላየ ሰው ስሌቱ ግልጽ ነው። በጎማ ወይም በሊሙ የቡና መሬት የወረሰች ሴት አብሯት የሚኖረውን የውጭ አገር ነጋዴ በሕግ ብታገባ ዜግነቷን፣ ከዜግነቷም ጋር መሬቷን ለአደጋ ታጋልጣለች። ሳታገባ ብትኖር ግን ራሷም ልጆቿም ኢትዮጵያውያን ሆነው፣ መሬቱም በስሟ ሆኖ ይቆያል። እኛ ዛሬ የጋብቻን ወረቀት የመብት መክፈቻ ቁልፍ አድርገን እናየዋለን። ለእነዚያ ሴቶች ግን ወረቀቱ በር የሚዘጋ ነበር። ስለዚህ «ሳታገባ ኖረች» ብሎ የሚያማ ጎረቤት የሴቲቱን ሒሳብ ሳያውቅ ሐሜቱን ማቆየት ነበረበት። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የመሬቱ ጉዳይ ፋይዳውን አጣ፤ የዜግነቱ ጉዳይ ግን ከዚያም በኋላ ቆየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመለሳለሁ። መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመውን፣ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸመውንና በባህል የሚፈጸመውን። የደመወዝ ጋብቻን በስሙ አልጠቀሰውም። ይሁን እንጂ ከቁጥር 708 ጀምሮ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ የሚፈጠረውን ሁኔታ የሚመለከት ድንጋጌ አስገባ። በእኔ ግምት የሲራራው መንገደኛና የደመወዝ ሚስቱ በሕጉ ውስጥ መጠጊያ ያገኙት እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ይህን ሁኔታ «ሁኔታ» ብቻ ብሎ መጥራቱን ልብ ይሏል። ውል ነው አላለም፤ በመዝገብ ይግባ አላለም። ሰዎቹ አኗኗራቸው የተጋቡ ሰዎችን አኗኗር የሚመስል ከሆነ ይበቃል፤ ሩካቤ ብቻውን፣ ቢደጋገምና በሰው ቢታወቅም እንኳ፣ አይበቃም። ማስረጃውም ጎረቤትና ዘመድ እንዴት እንደሚያያቸው ነው። አንባቢ ያስታውሳል፤ ይህ በ1929 ዓ.ም. የፋሺስቱ ዳኛ ያነሣው የመለያ መስመር ነው። በዚያን ጊዜ መስመሩን ያለፈ ይታሠር ነበር፤ አሁን መስመሩን ያለፈ በሕግ ይታወቃል። ከዚህ ሁኔታ የተወለደ ልጅ አባቱ የታወቀ ነው፤ ለቤት የተገባ ዕዳ የሁለቱም ነው። የጋራ ሀብት ግን በዚያ ሕግ አይፈጠርም ነበር፤ ሴቲቱ ከሃያ ዓመት በኋላም ባዶ እጇን ልትወጣ ትችል ነበር። ይህን ያሻሻለው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በእርሱ መሠረት ሁኔታው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ ይሆናል። አዋጁ በቀጥታ የሚጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ጅማና አጋሮ የሚመሩት የኦሮሚያ ክልል በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ ነው።

ይህን የ1952ቱን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የእርሳቸው አገር የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይጋቡ አብሮ መኖርን ተርጉሞ ያስገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አዲስ አበባ ፓሪስን በ39 ዓመት ቀደመቻት ማለት ነው። በእርግጥ ቀዳሚነቱ ከዘመናዊነት የመጣ አይደለም፤ አርቃቂው የአገሬውን ኑሮ አይተው እውነቱን መካድ ባለመፈለጋቸው የመጣ ይመስለኛል።

በአውሮፓ ነገሩን ወደ ሥራና ወደ መኖሪያ ፈቃድ ያዞረው አንድ የታወቀ ክርክር አለ። ሪድ የምትባል እንግሊዛዊት፣ በሆላንድ አገር ይሠራ ከነበረ እንግሊዛዊ ወዳጇ ጋር ሳትጋባ ለመኖር ፈቃድ ጠየቀች። የሆላንድ መንግሥት ከለከላት። ጉዳዩ በሉክሰምቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ቀረበና ሚያዝያ 17 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ በሕጉ ውስጥ «ባል ወይም ሚስት» የሚለው ቃል ያልተጋባን ሰው አይጨምርም አለ። ወረድ ብሎ ግን፣ ሆላንድ ለራሷ ዜጎች ያላገቧቸውን ወዳጆቻቸውን ከውጭ እንዲያስመጡ የምትፈቅድ ከሆነ፣ ይህን ጥቅም ከሌላው የማኅበረሰቡ አባል አገር ለመጣው ሠራተኛ ልትነፍገው አትችልም ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ፣ በሚገባ የተረጋገጠ ዘላቂ ግንኙነት ያለው ወዳጅ መግባቱ እንዲቃለልለት አዘዘ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሚግሬሽን ደንቧ ያስገባችው ልክ የሁለት ዓመት አብሮ መኖር ነበር፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ አንድ ዓመት ትላለች። እኛ ለሀብት ሦስት ዓመት እንላለን። መሐንዲስ ልኬት ይወዳል፤ ነገር ግን ሰው ከሰው ጋር መኖሩ እውነት የሚሆንበት ወር የትኛው እንደሆነ የሚነግረን መሣሪያ ገና አልተሠራም።

ሁሉም አገር ግን እንዲህ አይደለም። ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ አካባቢ ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደሚሄዱ ይታወቃል። በዚያ የመኖሪያ ፈቃዱ የተሰካው በአሠሪው ስም ላይ ስለሆነ፣ ያገባም ሆነ ያላገባ ባልን ማስከተል የማይታሰብ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ሳይጋቡ አብሮ መኖርን ከወንጀልነት ያስወጡት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የመሐንዲሱና የቤት ሠራተኛዋ ሕግ አንድ አይደለም፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

በእኛም አገር ወደ ውስጥ ለሚመጣው ሰው በሩ ሰፊ አይደለም። በጅማ አካባቢ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ አንደኛ በ1996 ዓ.ም.፣ 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግቤ ሁለተኛ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ ሥራውን ያከናወነው የኢጣሊያው ሳሊኒ ኩባንያ ነበር። ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ወደ ጅማ ምድር እንደገና መጣ፤ ይህን ጊዜ በጨረታ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ከኢትዮጵያዊት ጋር ቤት ቢመሠርት የሚያሥረው አዋጅ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ኢትዮጵያዊቱ የውጭ ሰው ስላገባች ዜግነቷን እንዳታጣ አድርጓል። በዚሁ አዋጅ መሠረት የውጭ ዜጋው በጋብቻ በኩል ኢትዮጵያዊ ለመሆን ቢፈልግ ግን ጋብቻው ሁለት ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ እርሱም አንድ ዓመት በአገሪቱ መኖር ይጠበቅበታል። ሳይጋባ አሥር ዓመት ቢኖር በዚህ በር መግባት አይችልም። የቤተሰብ ሕጋችን የሚያውቀውን ሁኔታ የዜግነት ሕጋችን አያውቀውም።

የባልደረባዬ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚገጥመው። ሆላንድ ያልተጋባ ወዳጅን ትቀበላለች። የምትጠይቀው ግንኙነቱ ዘላቂ መሆኑን እንዲያስረዱና ሁለቱም ሌላ ትዳር የሌላቸው መሆኑን በሰነድ እንዲያረጋግጡ ነው። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የእኛ ሕግ አብሮ መኖርን «ሁኔታ» ስላደረገው የሚጻፍበት መዝገብ የለም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተቋቋመውና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሥራ የጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍችንና ሞትን ይመዘግባል፤ ሳይጋቡ አብሮ መኖርን አይመዘግብም። በውጭ አገር እንደ ማስረጃ የሚቀርቡት፣ በሁለቱ ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ደብተርና በሁለቱ ስም የሚመጣ የመብራት ሒሳብ ናቸው። በአጋሮ ቤት የሚከራየው በቃል ነው። መብራቱ በአከራይዋ ስም ነው። የባንክ ደብተሩ የየግል ነው፤ የቤቱን ወጪ የሚያሳየው በሱቁ ባለቤት የዱቤ ደብተር ላይ የሰፈረው የጤፉና የዘይቱ ሒሳብ ብቻ ነው።

«ለምን አይጋቡም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ጠይቄው ነበር። በከተማው አስተዳደር ፊት ቀርበው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊፈርሙ ይችላሉ፤ ሃይማኖትም አይጠየቁም። ይሁን እንጂ ለቪዛ ብለው በድብቅ ቢፈርሙ ወሬው ከእነርሱ በፊት ወላጆቻቸው ቤት ይደርሳል፤ እርሷም ወንድሞቿ በሰርግ ያልሸኟት ሙሽራ ሆና መሄድን አልወደደችም። «ተጋብተን እንሂድ ካልን እዚሁ እንጋባ ነበር» አለችኝ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ይልቁንም የሚያስፈራኝ ሌላው ወገን ነው። በሙያችን ውስጥ ወንዱ ቀድሞ ሄዶ፣ «ወረቀቱ ሲሟላ ትመጫለሽ» ተብላ የቀረች ሴት ጥቂት አይደለችም። ጋብቻ ቢኖር ፍርድ ቤት ፍችን ያያል፤ የሦስት ዓመት አብሮ መኖር ቢረጋገጥም ሀብት ይካፈላል። ሰውየው ባሕር ማዶ ሆኖ፣ ምስክሮቹ ተበትነው፣ ማስረጃው በጎረቤት አፍ ላይ ብቻ ሲቀር ግን መብቱ በወረቀት ያለ፣ በእጅ የማይያዝ ይሆናል።

ማመልከቻውን ሲያዘጋጁ አብሬያቸው ነበርኩ። ስድስት ዓመት ያነሡትን ፎቶግራፍ ሰበሰቡ፤ እርሱ በመስክ ሥራ ላይ ሳለ የተጻጻፉትን መልእክት አተሙ፤ ባለሱቁም የዱቤ ደብተሩን ገጾች እንዲገለብጡ ሰጣቸው። ከምዝገባው ሠራተኛ ዘንድም ሁለቱም የሚፈለገውን ማስረጃ በማኅተም አወጡ፤ አንዱ እርሱ ያላገባ መሆኑን፣ ሌላው እርሷ ያላገባች መሆኗን የሚገልጽ። መንግሥት ስለ ሁለቱ ኑሮ የሰጠው ወረቀት ይኸው ብቻ ነው።

የቀረው የአከራይዋ ደብዳቤ ነበር። እናት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ጻፈላቸውና እርሳቸው በጣታቸው ፈረሙ። ደብዳቤው «እነዚህ ልጆች ቤቴ ከገቡ ጀምሮ ባልና ሚስት ናቸው» ይላል። ይህን ከሁለቱ የ«ያላገባ» ማስረጃዎች ጋር አብሮ ማቅረብ እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ተመልሰን ሄደን፣ «እንደ ባልና ሚስት» ተብሎ እንዲስተካከል ለመንናቸው። እናት ቡናውን እየቀዱ ብዙ ጊዜ አሰቡበት። «እንደ የምትለዋ ምን ታደርጋለች?» ብለው ጠየቁ። ባልደረባዬ ሕጉ የሚላት ቃል እንደሆነች ነገራቸው። ጣታቸውን በቀለሙ ነክረው እንደገና ፈረሙ።